ለጥ ያለው የወንዝ ዳር መንገድ፦ ስለ እግር ጉዞው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በገጠር መካከል ከወንዝ ጋር እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሜዳማ መንገድ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ረጅም የእግር ጉዞ ነው። ተራራ መውጣት የለመዱ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ እንደ ማሟሟቂያ ብቻ ይቆጥሩታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አቀበት ሲወጡ ሐሳብ ሁሉ ትንፋሽ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ግን ዓይንና ጆሮ ነጻ ናቸው፣ ወንዝ ደግሞ ለሚያየው ሰው ብዙ የሚነገር ነገር አለው። ከዚህ በታች ያሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጡ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የወንዝ ዳር መንገድ ለምን ሜዳ ሆነ?

ወንዙ ራሱ ስለደለደለው ነው። ከከፍታ ቦታ አፈር ተሸክሞ የሚወርድ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ከዳርቻው ሲያልፍ በሰፊው ይተኛል፤ ሲተኛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። ይህ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም ዛሬ የምንሄድበት ለጥ ያለ መስክ ይፈጠራል። ስለዚህ ሜዳው የጎርፍ ሥራ ነው። ይህን ማስታወስ ኋላ ስለ ወንዝ ሙላት ስናወራ ይጠቅማል።

የሰው እጅም አለበት። ባቡር ከመምጣቱ በፊት በብዙ አገሮች ጭነት የሚጓጓዘው በጀልባ ነበር፤ ጀልባውን የሚጎትተው ደግሞ በዳርቻው የሚሄድ ፈረስ ነበር። በጋሪ አንድ ወይም ሁለት ቶን የሚስብ ፈረስ፣ በተረጋጋ ውሃ ላይ 30 ቶን ያህል የጫነ ጀልባ መጎተት ይችላል። ለዚህ ሥራ ጽኑ፣ ያልተቆራረጠና ዳገት የሌለው መንገድ ያስፈልግ ነበር። ባቡር ሲመጣ ፈረሶቹ ቀሩ፣ መንገዶቹ ግን አልጠፉም። በእንግሊዝ የቴምዝን ወንዝ ከምንጩ ጀምሮ ተከትሎ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዘውና እ.ኤ.አ. በ1996 በይፋ የተከፈተው የእግረኞች መንገድ አብዛኛው ክፍሉ ያረፈው በእነዚህ የመጎተቻ መንገዶች ላይ ነው።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የአሜሪካው ነው። በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚሄደው የቼሳፒክና ኦሃዮ የጀልባ ቦይ መጎተቻ መንገድ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት 184 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር ቢካፈል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ እግር ልብ የማይለው ነገር ነው። ቦይው ሥራውን ካቆመ በኋላ በቦታው የመኪና መንገድ እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ፤ አንድ ጋዜጣም ሐሳቡን ደገፈ። እ.ኤ.አ. በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ የጋዜጣውን አዘጋጆች «ኑና አብራችሁኝ በእግራችሁ ሂዱት» ሲሉ ጋበዙ። ስምንት ቀን ተጓዙ፤ ከጀመሩት ብዙ ሰዎች ሙሉውን የጨረሱት 9 ብቻ ነበሩ። የመኪናው መንገድ ቀረ፤ ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። በእግር የተሄደበት መንገድ ጠበቃ ያገኛል ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት ኪሎ ሜትር ልሂድ?

ከ6 እስከ 8። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ሜዳ ላይ ሁለተኛው ክፍል ይወድቃልና ሒሳቡ ቀላል ነው። ሆኖም 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳያርፉ ለሚሄዱ ሰዎች ነው። ወፍ ለማየት፣ ውሃ ለመጠጣት፣ ጫማ ለማሰር የሚቆም ሰው በሰዓት 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ብሎ ቢያቅድ አመሻሹ ላይ አይቻኮልም።

ሜዳ ያታልላል። ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ጡንቻዎች እየተፈራረቁ ይሠራሉ፤ ሜዳ ላይ ግን ያው እርምጃ፣ ያው ጡንቻ፣ ያው መገጣጠሚያ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ1,300 እስከ 1,500 እርምጃ ያህል ያስፈልጋል። ትንፋሽ ስለማይቆራረጥ ሰው «ገና ምንም አልደከመኝም» እያለ ይርቃል፤ ዳሌውና የውስጥ እግሩ የሚናገሩት በመመለሻው ላይ ነው። ስለዚህ ገና ብርታት ሳለ ይመለሱ። በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ጫማ ማውለቅም ትልቅ ነገር ነው።

በካርታ ላይ አጭር የመሰለው መንገድ ለምን ረዘመብኝ?

ሜዳ ላይ ያለ ወንዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የወንዙን ርዝመት በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው ቀጥተኛ ርቀት ሲያካፍሉት ውጤቱ 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የመልክዓ ምድር ባለሙያዎች ጠመዝማዛ ወንዝ ይሉታል። ይህ ማለት በቀጥታ 8 ኪሎ ሜትር የሚመስለው መንገድ 12 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ድልድዮች መካከል ያለውን ርቀት በዓይኔ ለክቼ ወጥቼ፣ ሁለተኛውን ድልድይ ያየሁት ጀንበር ጠልቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ክር እጠቀማለሁ። ክሩን በካርታው ላይ የወንዙን መታጠፊያ ሁሉ እያስከተሉ ዘርግቶ፣ ከዚያ በካርታው መለኪያ ላይ ማስላት ነው። በስልክ ካርታ ላይም ጣትን በየመታጠፊያው እያሳረፉ መለካት ይቻላል።

ወደ ላይ ልሂድ ወይስ ከወንዙ ጋር ወደ ታች?

ለጉልበት ልዩነት የለውም። የሚያስቡለት ነገር ነፋስና ፀሐይ ነው። ገላጣ መስክ ላይ ነፋስ የሚከልል ነገር የለም፤ ስለዚህ ገና በብርታት ሳሉ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ መሄድ፣ ሲደክሙ ደግሞ ከጀርባ እንዲገፋ ማድረግ ይሻላል። ማለዳ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ፀሐይዋ ዓይኑን ትወጋዋለች፤ ውሃውም ብርሃኗን ያንጸባርቃል።

መሄድና መመለስ ካልፈለጉ ትራንስፖርቱን መጀመሪያ ይጠቀሙ። ወደ ሩቁ ጫፍ በተሽከርካሪ ሄዶ ወደ መነሻ በእግር መመለስ፣ መጨረሻ ላይ የመጓጓዣ ሰዓት አለፈብኝ ከሚል ጭንቀት ያሳርፋል።

የመንገድ መግለጫዎች ላይ «ቀኝ ዳር» እና «ግራ ዳር» የሚሉ ቃላት ያጋጥማሉ። ሁልጊዜም ፊትን ውሃው ወደሚፈስበት አቅጣጫ አዙሮ ቆሞ ነው። ወደ ላይ እየሄዱ ከሆነ ቀኝ ዳር የሚባለው በግራ እጅዎ በኩል ያለው ነው። በዚህ የተነሳ የተሳሳተውን ድልድይ የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው።

ምን ዓይነት ጫማ?

የለመደ ጫማ። ለሜዳ መንገድ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚደርስ ከባድ ቦቲ ግድ አይደለም፤ ሶሉ የማያንሸራትት ቀላል ጫማ ይበቃል። አዲስ ጫማ ለዕለቱ ማውጣት ግን ስህተት ነው። እግርን ውሃ የሚያስቋጥረው ፍትጊያና እርጥበት ነው፤ በወንዝ ዳር ደግሞ የማለዳ ጤዛ ሣሩን ስለሚያረጥበው ካልሲ ቶሎ ይበሰብሳል። አንድ ትርፍ ካልሲ ይያዙ። ተረከዝ መንደድ ሲጀምር፣ ገና ሳይቋጥር፣ ቆመው ፕላስተር ይለጥፉበት። «ትንሽ ልሂድና» የሚለው ሐሳብ ቀሪውን ቀን ያስከፍላል።

ከወንዙ ውሃ መጠጣት ይቻላል?

እንዳለ አይጠጣም፣ የቱንም ያህል ጠርቶ ቢታይ። ከላይ ከብት ይጠጣበታል፣ እርሻ ይታጠብበታል። ቢያንስ አንድ ደቂቃ በደንብ ማፍላት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ማፍላት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። የፀረ ተባይ መድኃኒትንና ማዳበሪያን ግን ማፍላት አያጠፋም። ስለዚህ በእርሻ መካከል ለሚያልፍ ወንዝ የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ውሃዎን ከቤት ይያዙ። መካከለኛ ሙቀት ባለበት ቀን በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃል፤ ሲሞቅ ይጨምሩ።

ወንዙ ቢሞላስ?

ቀላል በሚባለው መንገድ ላይ እውነተኛው አደጋ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘግይበት።

ወንዝ እርስዎ ባሉበት ቦታ ሳይዘንብ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የጣለው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በላይኛው አገር ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት እንዳለ ደራሹ ይመጣል። ከላይ ግድብ ካለም በሮቹ ሲከፈቱ ውሃው በአጭር ጊዜ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት የሚመለከቱት የአየር ትንበያ የሚሄዱበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ወንዙ የሚመጣበትንም አገር ይጨምር።

ምልክቶቹን ማወቅ ይቻላል። ጥርት ብሎ የነበረ ውሃ መደፍረስ ይጀምራል። ቅጠል፣ ጭራሮና አረፋ በብዛት ይንሳፈፋል። ድምፁ ይቀየራል፤ በድንጋይ ላይ የሚንኳኳው ውሃ ወደ ጉምጉምታ ይለወጣል። ቅድም ያዩት ድንጋይ ወይም የአሸዋ ደሴት ጠፍቶ ያገኙታል። ዕረፍት ሲያደርጉ ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ እንጨት ይትከሉ፤ ሲነሡ ውሃው አልፎት ከሆነ ምክር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ፊትን ወደ ከፍታ ማዞር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ ከባዱን ደለል የሚጥለው ከዳርቻው አጠገብ ስለሆነ፣ ዳርቻው ከኋላው ካለው መስክ ከፍ ሊል ይችላል። ውሃው በአንድ ዝቅተኛ ቦታ ሰብሮ ከወጣ፣ እርስዎ በደረቁ ዳርቻ ላይ ቆመው ከጀርባ ሊከበቡ ይችላሉ። ስለዚህ «እኔ ያለሁበት ገና ደረቅ ነው» ብሎ መቆየት አይበጅም፤ ዞር ብሎ የኋላውን መስክ ማየት ያስፈልጋል።

በጎርፍ የተዋጠ መንገድን አይሻገሩ። በፍጥነት የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጠልቅ እንኳ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፤ ከሥሩ ያለው መንገድ ተቦርቡሮ ይሁን አይሁን ደግሞ አይታይም። በመጡበት መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ ወንዙ ሌላ ቀንም እዚያው ነው።

ወደ ውሃው ጠርዝ ምን ያህል ልቅረብ?

የትኛው ጠርዝ እንደሆነ ይወሰናል። ወንዝ ሲታጠፍ ውሃው በውጭኛው በኩል ይፈጥናል፤ ያኛውን ዳር እየቦረቦረ ገደል ያደርገዋል። በውስጠኛው በኩል ደግሞ አሸዋና ጠጠር ያስቀምጣል። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1926 ይህን በሻይ ስኒ አስረድቷል። ሻዩን ሲያማስሉት ቅጠሎቹ ወደ ዳር መበተን ሲገባቸው ስኒው ሥር መሐል ላይ ይሰበሰባሉ፤ ምክንያቱም ከታች ያለው ውሃ በፍትጊያ ስለሚዘገይ ወደ ውስጥ የሚስብ ፍሰት ይፈጠራል። በወንዝ መታጠፊያም ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ደለሉን ወደ ውስጠኛው ዳር የሚገፋው በዚሁ መንገድ ነው።

ለእግረኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በውስጠኛው መታጠፊያ ላይ ተቀምጠው ይረፉ፣ ስንቅ ይፍቱ። በውጭኛው ላይ ግን ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሜትር ይራቁ፤ ሣር ለብሶ ጽኑ የሚመስለው መሬት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከጠርዙ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ መሬት ላይ ካዩ፣ ያ ቁራጭ ለመውደቅ የተዘጋጀ ነው።

ልዋኝበት? እግሬንስ ልንከር?

በማያውቁት ወንዝ አይዋኙ። ከላይ የተረጋጋ ውሃ ከሥሩ ኃይለኛ ስበት፣ የሰመጠ ግንድና ሥር ሊኖረው ይችላል። በሞቃት አገሮች ቀስ ብሎ በሚፈስና ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያ ትል ሊኖር ይችላል፤ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ እግር መንከርም ሊያስይዝ ይችላል። በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት የተበከለ ውሃም በቁስል በኩል በሽታ ያስተላልፋል።

አብሮዎት ያለ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ተከትለው አይግቡ። ለማዳን የገባው ራሱ የሚሰጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። እንጨት፣ ገመድ፣ የተቋጠረ ልብስ ወይም ተዘግቶ ሊንሳፈፍ የሚችል ባዶ ኮዳ ይወርውሩለት፤ ሰው ይጥሩ። የወደቁት እርስዎ ከሆኑ ከውሃው ጋር አይታገሉ። በጀርባ ተንጋልሎ፣ እግርን ወደሚፈስበት አቅጣጫ ዘርግቶ መንሳፈፍ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ዳር በሰያፍ መቅዘፍ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽን ይነጥቃል፤ እስኪመለስ መንሳፈፍ ብቻውን በቂ ሥራ ነው።

እንስሳትስ?

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ከብት ነው። ጥጃ ያላት ላምና ጥጃዋ መካከል አይግቡ፤ መንገዱን ዘግተው ከሆነ ሰፋ አድርገው ዞረው ይለፏቸው፣ አይሩጡ። ውሻ ይዘው ከሆነ ገመዱን ያሳጥሩ። ላሞቹ ካባረሯችሁ ግን ውሻውን ልቀቁት፤ እነሱ የሚፈልጉት እሱን ነው፣ እሱም ከእርስዎ ይልቅ ይሮጣል።

አዞና ጉማሬ ባሉባቸው ወንዞች ነገሩ ሌላ ነው። ጉማሬ ማታ ሣር ለመጋጥ ወጥቶ ማለዳ ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው ይገፈትራል። በእነዚህ ቦታዎች አገሩን የሚያውቅ መሪ ሳይዙ፣ ንጋት ላይና ከምሽት በኋላ በዳርቻው አይሂዱ። በሌላው ቦታ ሁሉ መዥገርና ትንኝ ይበቃሉ። ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ ሲመለሱ ከጉልበት ጀርባና ብብት ሥር ይፈትሹ።

ልጆችን፣ አረጋውያንን ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ይዤ መሄድ እችላለሁ?

አዎ፣ ይህ መንገድ ከማንም በላይ የተሠራው ለእነሱ ይመስለኛል። አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ሆነው እያወጉ የሚሄዱበት የገጠር መንገድ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሜዳ ማለት ለስላሳ ማለት አይደለም። ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃናት ጋሪ የሚያስቸግረው ዳገት ሳይሆን አሸዋ፣ የደረቀ የከብት ኮቴ፣ ጠባብ በርና አጥር መሻገሪያ መሰላል ነው። ከዚያ በፊት የሄደበትን ሰው ስለ እነዚህ አራት ነገሮች ስም እየጠሩ ይጠይቁ፤ «ምቹ ነው?» ብቻ ካሉት «አዎ» ይልዎታል።

ከልጅ ጋር ሲሄዱ ቦታ አይለዋወጡ፦ አዋቂው ሁልጊዜ በውሃው በኩል፣ ልጁ በመስኩ በኩል።

በሰው እርሻ መካከል ማለፍ ነውር አይሆንም?

መንገዱ ለእግረኛ የተፈቀደ ከሆነ አይሆንም። የተዘጋ በር ካገኙ ከኋላዎ ዝጉት፤ የተከፈተ ካገኙ እንደተከፈተ ይተዉት፣ ገበሬው ከብቱን ወደ ውሃ ሊያወርድ ሊሆን ይችላልና። ጭቃ ሸሽቶ ሰብል ውስጥ መግባት ግን የሰው ድካም መርገጥ ነው። ጭቃው ላይ ይሂዱ፤ ጫማ ይታጠባል።

መቼ ልውጣ?

ማለዳ። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ወንዝ ዳር ከመንደሩ ይልቅ ይበርዳል፤ አንድ ልብስ ይደርቡ። መብረቅ ሊኖር የሚችልበትን ከሰዓት በኋላ ይሽሹ፤ ገላጣ መስክ ላይ ረጅሙ ነገር እርስዎ ነዎት፣ ብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለልም አያድንም። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰሙ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ከመጠለያ አይውጡ።

ብቻዬን ብሄድስ?

መሄድ ይችላሉ። ከየት ተነሥተው የት እንደሚጨርሱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ሲመለሱም ደውለው «ገባሁ» ይበሉ።

መንገዱ አንድ ዓይነት ስለሆነ አይሰለችም?

በፍጥነት ለሚሄድ ሰው ሊሰለች ይችላል። ፍጥነትዎን ይቀንሱና ውሃውን ያንብቡ። ገጹ ላይ እጥፍጥፍ የሚለው ቦታ ጥልቀት የለውም፣ ከሥሩ ድንጋይ አለ። እንደ መስታወት የተኛው ቦታ ጥልቅ ነው። ከሁለቱ መካከል ባለው መስመር ላይ፣ ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው በሚገናኝበት፣ ዓሣ ምግቡን ይጠብቃል። ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ከራስዎ በላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ጨርቅ ካዩ፣ ያ ባለፈው ክረምት ውሃው የደረሰበት ከፍታ ነው። ቆም ብለው ቀና ብለው ይዩት።

ከዚያ አንድ ቦታ መርጠው፣ ጀርባዎን ለዛፍ ሰጥተው፣ ሃያ ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምንም አይታይም፤ እርስዎ ሲመጡ ሁሉም ተደብቋል። ቀጥሎ እንቁራሪቶቹ ይጀምራሉ። ሸምበቆ መስሎ የቆመው ግራጫ ነገር አንገቱን ይዘረጋል፤ ለካ ረጅም እግር ያለው ዓሣ አዳኝ ወፍ ኖሯል። ከወዲያ ማዶ ካለው ቅርንጫፍ ደግሞ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ወፍ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቁልቁል ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ብር የመሰለ ዓሣ በአፉ ይዞ ይወጣል፣ ዓሣውን ከቅርንጫፉ ጋር ሁለት ጊዜ አላግቶ በጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል።